ዋጋ ማወቅና ዋጋ ማግኘት፦ ከኢሉባቦር ቡና እስከ አክሲዮን ገበያ

በየካቲት 2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በኒው ዮርክ የሸቀጥ ገበያ የአንድ ፓውንድ አረቢካ ቡና ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1975 ብራዚልን የመታው ውርጭ በ1977 አስከትሎት የነበረው ጣሪያ እንኳ ከዚህ በታች ነበር። ወሬው በሰከንዶች ውስጥ ለንደን፣ ሲንጋፖርና አዲስ አበባ ደረሰ፤ ስልክ ላለው ሰው የኢሉባቦሯ መቱም ደረሰ። ሆኖም የኢሉባቦር ገበሬ ቡናውን የሚለቅመውና አብዛኛውን የሚሸጠው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። የካቲት ሲገባ የብዙ ቤት ጀንፈል (ሳይፈለፈል የደረቀ ቡና) ከጎተራ ወጥቶ፣ ብሩም ለትምህርት ቤት፣ ለልብስና ለዕዳ ውሎ ነበር።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ከዚህ ይነሳል። ዋጋን ማወቅ ዋጋን ያስገኛል? የዓለም የገንዘብና የገበያ ተመራማሪዎች ለሰማንያ ዓመታት ያህል ሲከራከሩበት የኖሩት ይህንኑ ነው፤ በአክሲዮን፣ በምንዛሪና በሸቀጥ ገበያ ላይ የተጻፈው ብዙው ጥናት ሥሩ እዚህ ላይ ነው። አገራችንም በጥር 2017 ዓ.ም. የራሷን የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ከፍታለች። ስለዚህ ጥያቄው የቡና ገበሬ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በስልኩ አክሲዮን የሚገዛው የመቱ መምህርም ሆኗል። የጥናቶቹን መልስ አንድ በአንድ እንይ፤ መነሻችን ግን ኢሉባቦር ይሁን፤ ክፍለ አገሩ የዓለም ገበያን የሚያውቀው ከብዙዎች ቀድሞ ነውና።

ጎሬና የባሮ ወደብ

ዛሬ የዞኑ ከተማ መቱ ናት። ከዚያ በፊት ግን የኢሉባቦር መቀመጫ በደጋው ላይ ያለችው ጎሬ ነበረች፤ የራስ ተሰማ ናደው ከተማ። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከብሪታንያ ጋር የተፈራረሙት ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲኖራቸው ፈቅዶ ነበር። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ፤ ሱዳን ነፃ እስከወጣችበት እስከ 1956 ድረስም ቆየ። ከጎሬና ከአካባቢው የተሰበሰበ ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም በቡሬ በኩል ቁልቁል ወርዶ ጋምቤላ ይከማቻል። ባሮ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይሄዳል። ጎሬ የእንግሊዝ ቆንስላና የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች የሚኖሩባት፣ ከአገሪቱ የውጭ ንግድ በሮች አንዷ የነበረች ከተማ ናት።

በዚያ ዘመን መረጃ የሚጓዘው በወንዙ ልክ ነበር። ቡናው የሚለቀመው በበጋ፣ መርከቡ የሚመጣው በክረምት ነው። በመካከል ባሉት ወራት የካርቱም ዋጋ ከፍ ብሎም ሆነ ዝቅ ብሎ ይሆናል፤ የጎሬ ገበሬ ግን አስቀድሞ ሸጧል። ነጋዴው ደግሞ የማያውቀውን ነገ ፈርቶ የሚገዛበትን ዋጋ ዝቅ ያደርጋል። አለማወቅ ራሱ ዋጋ ነበረው፤ ያንን ዋጋ የሚከፍለውም በሰንሰለቱ መጨረሻ ያለው አምራች ነው።

ሌላም የማይታይ ክር ነበር። የመገበያያው ገንዘብ ማርያ ቴሬዛ ብር (ጠገራ) ነበር፤ ዋጋውም የሚመዘነው በውስጡ ባለው ጥሬ ብር ነው። የጥሬ ብር ዋጋ በለንደንና በኒው ዮርክ ሲወጣና ሲወርድ በጎሬ ገበያ ያለው ጠገራም ከውጭ ገንዘቦች አንጻር ይወጣና ይወርዳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1934 ጥሬ ብር በብዛት እንዲገዛ ሕግ ስታወጣ ውጤቱ ጠገራ ብር ወደሚዘዋወርበት አገር ሁሉ ተሻገረ። አንድ የኢሉባቦር ገበሬ ስለ ዋሽንግተን ሕግ ሳይሰማ በሕጉ ተነክቷል። የዛሬው ተማሪ «ዓለም አቀፍ ፋይናንስ» ብሎ በመጽሐፍ የሚያነበውን ነገር አያቱ በኪሱ ይዞት ነበር።

ባንክም ቢሆን ጎሬ የደረሰው ቀድሞ ነው። በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የአቢሲኒያ ባንክ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የተቋቋመ የአክሲዮን ኩባንያ ነበር፤ አክሲዮኑም በአውሮፓ ከተሞች ለሽያጭ ቀርቧል። ባንኩ ከጊዜ በኋላ ጎሬ ላይ ቅርንጫፍ፣ ጋምቤላ ላይ ወኪል ነበረው። በውጭ አገር ያለ ባለአክሲዮን ትርፍ ከጎሬ ቡና ጋር የተሳሰረ ነበር ማለት ነው። የጎሬ ሰው ግን ያንን አክሲዮን የሚገዛበት መንገድም፣ ስለ ባንኩ የሚያነብበት ወረቀትም አልነበረውም። ገንዘቡ ጎሬንና የአውሮፓን ከተሞች አገናኘ፤ መረጃው ግን በአንዱ ወገን ብቻ ቀረ።

ሊቃውንቱ ምን አሉ?

ፍሪድሪክ ሃየክ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፉ ዋጋን እንደ መልእክተኛ አየው። በዓለም አንድ ጥግ የቆርቆሮ ማዕድን ቢጎድል፣ ምክንያቱን ያልሰማ ሰው እንኳ ዋጋው ሲጨምር አይቶ አጠቃቀሙን ይቀንሳል። በየሰው ጭንቅላት ተበታትኖ ያለውን እውቀት አንድ ቁጥር ይሰበስበዋል። የብራዚልን ውርጭ የማያውቅ በኢሉባቦር የሁሩሙ ገበሬ ዋጋው ሲጨምር ቡናውን በጥንቃቄ ይለቅማል፤ ይህ የሃየክ ሐሳብ ነው።

ዩጂን ፋማ በ1970 ነገሩን ወደ አክሲዮን ገበያ ወስዶ፣ በሚገባ በሚሠራ ገበያ ዋጋው የታወቀውን መረጃ ሁሉ ይዟል አለ። ከእርሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው ሬይ ቦልና ፊሊፕ ብራውን የኩባንያዎችን የትርፍ መግለጫ ከአክሲዮን ዋጋቸው ጋር አስተያይተው ነበር፤ የመግለጫው ይዘት አብዛኛው መግለጫው ከመውጣቱ በፊት በዋጋው ውስጥ ገብቶ አገኙት። ገበያው ወሬውን ከጋዜጣው ቀድሞ ሰምቷል።

ሳንፎርድ ግሮስማንና ጆሴፍ ስቲግሊትዝ በ1980 ይህን ሐሳብ በአንድ ጥያቄ ፈተኑት። ዋጋው ሁሉን ነገር የሚናገር ከሆነ መረጃ ለመፈለግ ማን ይደክማል? ማንም ካልደከመ ደግሞ ዋጋው ከየት አውቆ ይናገራል? ስለዚህ ገበያ መቼም ሙሉ በሙሉ አያውቅም፤ ለማወቅ ለደከመ ሰው የሚተርፍ ነገር ሁልጊዜ ይኖራል። በቡና አገር ቋንቋ ብንመልሰው ይህ የሰብሳቢና የአቅራቢ ትርፍ ነው። ከመቱ ተነሥቶ በየቀበሌው የሚዞር፣ የየትኛው መንደር ቡና በደንብ እንደደረቀ የሚያውቅ፣ አዲስ አበባ ደውሎ የሚጠይቅ ነጋዴ ትርፉ በከፊል የድካሙ ዋጋ ነው። ድካሙ የት አልቆ ብዝበዛው የት እንደሚጀምር መለየት ግን ቀላል አይደለም።

ከሁሉም ለእኛ የሚቀርበው የጆርጅ አከርሎፍ የ1970 ጥናት ነው። እርሱ የጻፈው ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ነው፤ ነገሩ ግን ለቡና ልክ ነው። ሻጩ የዕቃውን ጥራት ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። መልካም ዕቃ ያለው በዚያ ዋጋ ይከስራል፤ ከገበያው ይወጣል፣ ወይም በጥራት መድከሙን ያቆማል። በመጨረሻ ገበያው ላይ የሚቀረው መናኛው ነው። አከርሎፍ፣ ስቲግሊትዝና ማይክል ስፔንስ በ2001 የኖቤል ሽልማትን የተጋሩት በዚህ የመረጃ አለመመጣጠን ምርምር ነው።

በምንዛሪ ምርምር ደግሞ ሪቻርድ ሚስና ኬኔት ሮጎፍ በ1983 ያሳተሙት ውጤት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የዘመኑን ታላላቅ የምንዛሪ ቀመሮች ፈትነው፣ ለአጭር ጊዜ ትንበያ «ነገም እንደ ዛሬ ነው» ከሚለው ግምት የሚሻል አላገኙም። የዶላር ዋጋ ነገ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ የሚልን ሰው ሁሉ በጥንቃቄ ማዳመጥ እንዳለብን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ስልክ የተፈተነበት

ንድፈ ሐሳቡ በመስክ ሲፈተን መልሱ አንድ አልሆነም። ሮበርት ጄንሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ጥናት በደቡብ ህንድ ኬረላ ያሉ ዓሣ አጥማጆችን ተከታተለ። ስልክ ከመምጣቱ በፊት አንዱ ወደብ ላይ ዓሣ ገዢ አጥቶ ሲጣል ሌላው ወደብ ላይ ገዢ ዓሣ ያጣ ነበር። ስልክ ሲገባ አጥማጆቹ ገና ባሕር ላይ እያሉ ደውለው ወደብ መረጡ። የወደቦቹ ዋጋ ተቀራረበ፣ ብክነቱ ጠፋ፤ የአጥማጆቹ ትርፍ በ8 በመቶ ያህል ሲጨምር ለበላተኛው ዋጋው በ4 በመቶ ያህል ቀነሰ። ጄኒ ኤከር በኒጀር የእህል ገበያዎች ላይ በ2010 ያሳተመችው ጥናትም ስልክ በገበያዎች መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ከ10 እስከ 16 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ።

ማርሴል ፋፍሻምፕስና ባርት ሚንተን ግን በህንድ ማሃራሽትራ በስልክ መልእክት የዋጋ ዜና ለገበሬዎች የሚያደርስ አገልግሎትን በ100 መንደሮች ፈትነው፣ ገበሬው ባገኘው ዋጋ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። የኢትዮጵያን ገበሬዎች ያጠኑት ጌታው ታደሰና ጎድፍሬይ ባሂግዋም በ2015 ባሳተሙት ሥራ፣ ስልክ ያላቸው ገበሬዎች ብዙ ሆነው ሳለ ለገበያ ውሳኔ የሚጠቀሙበት ጥቂት መሆናቸውን ጻፉ።

ለምን ተለያዩ? የኬረላው አጥማጅ ወሬውን ሲሰማ ጀልባው በእጁ ነው፤ መሪውን አዙሮ ወደ ሌላ ወደብ ይሄዳል። ወሬው የደረሰው የመምረጥ አቅም ላለው ሰው ነው። ከመቱ ርቆ የሚኖር የቡና ገበሬ ግን የበደሌ ዋጋ እንደሚሻል ቢሰማ፣ ጭነቱን የሚወስድበት ትራንስፖርት፣ እስኪሸጥ የሚቆይበት ገንዘብና የሚያስቀምጥበት ደረቅ መጋዘን ከሌለው ምን ያደርግበታል? ደጁ ላይ ለመጣው ሰብሳቢ ይሸጣል። ከሰብሳቢው በክረምት የተበደረ ከሆነማ የሚመርጠው ነገር የለም። ከእነዚህ ጥናቶች የምንወስደው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ መረጃ ኃይል የሚሆነው ከምርጫ ጋር ሲጣመር ነው።

የምርት ገበያውና የበደሌ መጋዘን

በኢትዮጵያ የዚህ ሁሉ ታላቁ ፈተና የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። መሠረቱም ምርምር ነው። እሌኒ ገብረመድኅን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የአገራችንን የእህል ነጋዴዎችና ደላሎች አጥንታ በ2001 ባሳተመችው ሥራ፣ ደላላ በከንቱ የሚበላ ሰው ሳይሆን የማይተዋወቁ ገዢና ሻጭ እንዲተማመኑ የሚያደርግ የመረጃና የዋስትና ሠራተኛ መሆኑን አሳየች። ከዚያ የተነሣው ጥያቄ፣ ደላላው በግል ትውውቅ የሚሠራውን ሥራ ተቋም በሰፊው ሊሠራው ይችላል ወይ የሚል ነበር። መልስ የሆነው ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ እሌኒም የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነች። በዚያው ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 602/2000 የቡና ንግድ አብዛኛው ወደዚሁ ገበያ ገባ። ከዚያ በፊት ቡና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ጨረታ ይሸጥ ነበር።

ለኢሉባቦር ቡና መቀበያው በደሌ ላይ ያለው መጋዘን ሆነ። አቅራቢው ጭኖ ይመጣል፤ ናሙና ይወሰዳል፤ ባለሙያ አይቶና ቀምሶ ደረጃ ይሰጠዋል፤ አቅራቢው የመጋዘን ደረሰኝ ይይዛል። ግብይቱ በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ዋጋ ይከናወናል፤ ገንዘቡ በማግስቱ በባንክ ይገባል። ዋጋው በሬዲዮ፣ በስልክና በየከተማው በተሰቀለ ሰሌዳ ይነገራል። የክፍያው እርግጠኝነት ከሁሉ በላይ የሚጠቀስ ስኬት ነው፤ ድሮ አቅራቢው ገንዘቡን ለማግኘት ላኪን ደጅ ሲጠና ይከርም ነበር።

ጥናቶቹም ይህን በከፊል ይደግፋሉ። አንደርሰን፣ በዛብህና ማንበርግ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ሥራ የምርት ገበያው መጋዘን ባለባቸው ሁለት አካባቢዎች መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት መጥበቡን አሳይተዋል። መጋዘን ከሌለበት ይልቅ ካለበት አካባቢ ዋጋው ከዋጋ ጋር ይነጋገራል። ይህ ለበደሌና ለመቱ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን አከርሎፍ ያነሣው ጥያቄ ግማሹ ብቻ ተመለሰ። ደረጃ የጥራትን ጥያቄ ይመልሳል፤ የትውልድ ቦታን ጥያቄ ግን አይመልስም። ቡናው በመጋዘን ሲቀላቀል ከየትኛው ቀበሌ፣ ከማን ማሳ እንደመጣ የሚያሳየው ክር ተቆረጠ። ልዩ ቡና የሚፈልጉ የውጭ ገዢዎች ቅሬታ ያሰሙትም በዚህ ነው። ኢሉባቦር ደግሞ ከድሮም ጀምሮ በዚህ የተጎዳ አገር ነው፤ ቡናው በዓለም ገበያ በአመዛኙ የሚሸጠው «ጅማ» በሚል ስም ነውና። ኢትዮጵያ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ ባስከበረችው የንግድ ምልክት ውስጥ የገቡት ስሞች ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ ናቸው። ኢሉባቦር፣ መቱ፣ ያዮ የሚሉ ስሞች አልነበሩበትም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላል የአገራችን ሰው፤ በገበያ ደግሞ ስም ከደረጃ በላይ ይውላል። ስም ማለት ገዢው የሚከፍልበት መረጃ ነው።

የያዮ ነገር ይህን በግልጽ ያሳያል። የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የሕይወት ከባቢ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል፣ የአረቢካ የዱር ዘር ያለበት ደን ነው። ይህም ዋጋ ያለው መረጃ ነው፤ ነገር ግን ጀንፈሉ ወደ ጆንያ ሲገባ መረጃው ከጆንያው ውጭ ይቀራል። በአዋጅ ቁጥር 1051/2009ና ከእርሱ በኋላ በወጡ መመሪያዎች የቡናው ምንጭ እንዲታወቅ፣ አቅራቢም ከላኪ ጋር በቀጥታ እንዲተሳሰር መንገድ ተከፍቷል። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን የመሰሉ የገበሬ ተቋማትም ከተመሠረቱ ጀምሮ ቡናን ከነምንጩ ወደ ውጭ ይልካሉ።

ሌላ ፈተናም እየመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ነጥብም በካርታ እንዲቀርብ ያዛል። የተፈጻሚነቱ ጊዜ ተራዝሟል፤ ጥያቄው ግን አይቀርም። ደኑን ጠብቆ የኖረ የኢሉባቦር ገበሬ በዚህ ሕግ ሊጠቀም የሚገባው ቀዳሚ ሰው ነው፤ ማሳው ካርታ ላይ ካልሰፈረ ግን ቀድሞ ከገበያ የሚወጣው እርሱ ይሆናል። መረጃ ያለው አምራች ያልፋል፤ መረጃ የሌለው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ይታገዳል።

ዶላሩ የቡናውን ዋጋ ሲናገር

የኢሉባቦር ቡና ዋጋ ከኒው ዮርክ ወደ መቱ ሲመጣ በአንድ በር ያልፋል፤ በምንዛሪ በር። ለረጅም ዓመታት አንድ ዶላር 2.07 ብር ነበር። ደርግ በቡና ንግድ ላይ የመንግሥት ኮርፖሬሽንና ከባድ ቀረጥ ስለጫነበት እ.ኤ.አ. በ1977 የታየው የዓለም ዋጋ ንረት ለገበሬው የደረሰው በጭላጭ ነው። በ1985 ዓ.ም. የዶላሩ ዋጋ 5 ብር ሆነ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ለተመራማሪዎች እንቆቅልሽ ነበር። ላኪዎች በአገር ውስጥ የገዙበት ዋጋ በውጭ ከሸጡበት የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ሆነ። ማን ነው እየከሰረ የሚነግድ? ስንሻው ታምሩ፣ ባርት ሚንተንና ዮሐን ስዊነን ባሳተሙት ጥናት መልሱ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ውስጥ ተገኘ። ቡና የላከ ሰው ዶላር ያገኛል፤ በዶላሩም ብረታ ብረት ወይም ሌላ ሸቀጥ አስገብቶ ያተርፋል። በቡናው የከሰረውን በገቢ ዕቃው ይመልሳል። በመቱ ገበያ የነበረው የቡና ዋጋ እንግዲህ የቡና ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ የዶላር ጥማትም ተደባልቆበት ነበር። ያንን ዋጋ አይቶ ስለ ዓለም የቡና ፍላጎት የገመተ ሰው ተሳስቷል። ሃየክ መልእክተኛ ያለው ዋጋ እዚህ ሁለት መልእክት በአንድ አፍ ይናገር ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ወር በጀመረው የበጀት ዓመትም አገሪቱ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች፤ የምንዛሪው ለውጥና የዓለም ዋጋ ከፍታ አብረው ሠሩ። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ምን ያህል እንደጠቀመ፣ ከጥቅሙም ለአምራቹ ስንት እንደደረሰ የሚለካ ጥናት ያስፈልጋል፤ የሚለካውም ከአዲስ አበባ ቢሮ ሳይሆን ከመቱ፣ ከያዮ፣ ከቡሬና ከአሌ ገበያ ነው።

አክሲዮን መቱ ሲደርስ

አክሲዮን ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ከወጣ በኋላ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት የአዲስ አበባ የአክሲዮን መገበያያ ቡድን ይሠራ ነበር፤ የደርግ ውርስ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ባንኮችና ሌሎች ኩባንያዎች አክሲዮን ሸጡ፤ ግን የገዛ ሰው መልሶ የሚሸጥበት ግልጽ ገበያም ሆነ ዋጋው ስንት እንደሆነ የሚያይበት ሰሌዳ አልነበረም። ሰው በወዳጅ ምክርና በሽያጭ ሠራተኛ አንደበት ገዛ።

አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቁሞ ይህን ለመለወጥ መሠረት ጣለ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዱን በ300 ብር በቴሌብር ለሕዝብ አቀረበ። የመቱ ሰው ከጎሬው አያቱ በተለየ መልኩ ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ መግዛት ቻለ። ሽያጩ ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዝተው ነበር፤ ከቀረበው ከአሥር እጅ አንዱ መሆኑ ነው። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይሰጣል፤ አንዱ ግን የመረጃ ጉዳይ ነው። የቀረበውን ዝርዝር ሰነድ አንብቦና ተረድቶ 300 ብር ውድ ነው ወይስ ርካሽ ብሎ ሊመዝን የሚችል ገዢ ገና አልተፈጠረም።

ኬኔት ፍሬንችና ጄምስ ፖተርባ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳዩት ነገር እዚህ ላይ ያግዘናል። በሀብታሞቹ አገሮች እንኳ ሰው ገንዘቡን በብዛት የሚያኖረው በራሱ አገር ኩባንያ ላይ ነው፤ የሚያውቀውን ያምናልና። የኛም ሰው እንዲሁ ነው። ኅብረት ሥራ ማኅበራት የመሠረቱት የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ በገበሬው ዘንድ የተወደደው የራሱ ሆኖ ስለታየው ነው። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ቅርበት የሒሳብ መግለጫን አይተካም። በአንጻሩ የበደሌን ቢራ ፋብሪካ እንይ። በ2003 ዓ.ም. ሄኒከን ፋብሪካውን ከሐረሩ ጋር በድምሩ ከ160 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገዝቶታል። ሄኒከን አክሲዮኑ በአምስተርዳም የሚሸጥ ኩባንያ ስለሆነ ሒሳቡን ለሕዝብ ያሳትማል። የአምስተርዳም ባለአክሲዮን በደሌን ከሚያቅፈው ኩባንያ ጠቅላላ ሒሳብ ጋር ሊተዋወቅ ይችላል፤ ለፋብሪካው ገብስ የሚያመርት ወይም በደጁ ሱቅ የከፈተ ሰው ግን ያንን መግለጫ በቋንቋው አያገኘውም። የጎሬው ባንክ ታሪክ ተደገመ።

መንግሥት ራሱም ከዚህ ሚዛን አላመለጠም። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. በዓለም ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በ6.625 በመቶ ወለድ ሸጣ ነበር። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ሲቀር የቦንዱ ዋጋ በየሰዓቱ ስለ አገሪቱ የሰዎችን ግምት ይናገር ነበር። ያንን ዋጋ ማንበብ የሚችል ዜጋ ስለ አገሩ ዕዳ የተሻለ ይጠይቃል።

ከዳሰሳው የሚወጣው ፍርድ

የተመለከትናቸው ጥናቶች በአንድነት ሲነበቡ የሚሉት ግልጽ ነው። መረጃ ገበያዎችን ያቀራርባል፤ ይህ ከኒጀር እስከ ኢትዮጵያ መጋዘኖች ታይቷል። መረጃ ብቻውን ግን ደካማውን ጠንካራ አያደርግም። የሚጠቅመው ለሦስት ነገሮች ባለቤት ነው፤ መቆየት ለሚችል፣ መምረጥ ለሚችልና ስሙ ለሚታወቅ። ለኢሉባቦር ገበሬ መቆየት ማለት በመጋዘን ደረሰኝ ላይ ብድር ማግኘት ነው። መምረጥ ማለት ጠንካራ ኅብረት ሥራ ማኅበርና ከአንድ በላይ ገዢ ነው። ስም ማለት ቡናው «ያዮ» ወይም «መቱ» ተብሎ ከነካርታው እስከ ቀማሹ ጠረጴዛ መድረስ ነው። አክሲዮን ለሚገዛው የከተማ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሲፈልግ የሚሸጥበት ገበያ፣ የሚያመዛዝንበት አማራጭና በቋንቋው የተጻፈ ሒሳብ ያስፈልገዋል።

በምርምሩ በኩልም ጉድለት አለ። እስካሁን የጠቀስናቸው የኢትዮጵያ ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት ወይ አዲስ አበባ ላይ ወይ ባሕር ማዶ ነው፤ አብዛኞቹም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። መቱ ዩኒቨርሲቲ መቱና በደሌ ላይ ተማሪዎችን ያስተምራል፤ የጅማ ግብርና ምርምርም የመቱ ንዑስ ማዕከል አለው። ከአንድ ትውልድ የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች አንድ ሥራ ብቻ ብንጠይቅ ይህ ይሁን፤ በየሳምንቱ በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮና በበደሌ ገበያ የእሸት ቡናና የጀንፈል ዋጋ ይመዝገብ፤ በዚያው ቀን ከነበረው የምርት ገበያ፣ የኒው ዮርክና የምንዛሪ ዋጋ ጎን ይቀመጥ፤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛም ይታተም። አሥር ዓመት የተጠራቀመ እንዲህ ያለ መዝገብ ከማንኛውም የውጭ ጥናት ይልቅ ስለዚህ አገር ይናገራል።

የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያውና ባለሥልጣኑም የተመዝጋቢዎችን መግለጫ ሕዝቡ በሚናገራቸው ቋንቋዎች እንዲወጣ ያስገድዱ። የምርት ገበያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቡናው ምንጭም በየሰሌዳው ይነገር። ከሰባ ሰማንያ ዓመት በፊት መርከቡ ባሮ ላይ ሲያፏጭ የጎሬ ገበሬ ዋጋውን ሳያውቅ ቡናውን ሸጦ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጁ ዋጋውን እያወቀ ያንኑ ዋጋ ሳያገኝ የሚሸጥ ከሆነ የቀረው ሥራ የዜና ሥራ አይደለም፤ የመጋዘን፣ የብድር፣ የማኅበርና የስም ሥራ ነው።